እንጦጦን የተሻገረው ድንኳን

ሰበታ፣ የካቲት 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ማዶ ኦሃዮ በሚባል አገር ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ለእትዬ ድንቅቱ።

ሰላምታዬ እንደ ገበያ ቀን ሰው ብዙ ሆኖ ይድረስሽ። አምላክ በምትሄጂበት ሁሉ ፊት ፊትሽን ይሂድልሽ። እኔ፣ ባለቤቴ ማሪቱ፣ ልጆቼ፣ ፈረሴ ዳማም ሳይቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ ፖስታውን አታገላብጪ። እኔው ጃራ ነኝ። ከጥቅምት ጀምሮ የማታ ትምህርት ገብቼ በአራት ወር ፊደልን ከነዘር ማንዘሩ ጨርሻለሁ። መምህራችን፣ እንደ አንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም ብሎኛል። በምን በኩል እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ደስ ያለኝን ይዤ ወጣሁ። ከእንግዲህ ገበያ ዳር ለተቀመጠው ጸሐፊ የቤተሰባችንን ምሥጢር አንዘረግፍም። ቀን ጋሪ እነዳለሁ፣ ሰው ሲሞት የዕድሩን ጥሩምባ እነፋለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ። ጥሩምባዬን ታውቂው የለ፤ ሰበታ ተነፍቶ ገላን ያለ ሰው ነጠላውን ያዘቀዝቃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለፈው እሑድ እናትሽን አዴ ተረፈችን ልጠይቅ ሱሉልታ ወጥቼ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰበታን ለቀው እዚያ ከእህትሽ ልጅ ከአያንቱ ጋር እንደሚኖሩ ታውቂያለሽ። ቤቱ ደህና ነው፣ አያንቱም ትንከባከባቸዋለች። ነገር ግን ስንጫወት ቆይተን ድንገት፣ «ጃራ፣ እኔ ስሞት በማን ድንኳን ነው የሚለቀስልኝ?» አሉኝ። ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። እኔ ቡና ሳልጨርስ መነሣቴን ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰበታን ዕድር ከመሠረቱት አንዷ እሳቸው ናቸው። ዕድሩ ግን፣ ድንኳናችን እንጦጦን አይሻገርም አለ። የሱሉልታ ዕድር ደግሞ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ አዲስ ሰው አንመዘግብም ብሎ መለሳቸው። የስንቱን ለቅሶ ወጥ የሠሩ ሴትዮ በሁለት ዕድር መካከል ዝናብ ላይ ቀሩ።

አይዞሽ፣ እኔ አለሁ። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ዕድሮች አንድ ዕድር ሊሆኑ ተስማምተዋል። ከየከተማው አሥር አሥር ወኪል ቡራዩ ላይ ተሰብስቦ አንድ ሊቀመንበር ይመርጣል። ሰበታ እኔን አቅርቧል። እንደተመረጥኩ የመጀመሪያው ሥራዬ የእናትሽ ድንኳን ነው። አንቺ ከዚያ አንድ ክራቫት ላኪልኝ፤ ቀይ ይሁን። ያለ ክራቫት ሊቀመንበር አይኮንም።

ወንድምሽ ጃራ፣ በገዛ እጁ

*

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ መጋቢት 10 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጃራ፤

ያንተንም የቤትህንም ደህንነት ስለሰማሁ አምላክን አመስግኛለሁ። እሱ ከክፉ ሁሉ ይከልላችሁ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በእጅህ መጻፍህን ለማመን፣ ሁለተኛ ለመሳቅ፣ ሦስተኛ እማዬ ያለችውን ለማንበብ። ያ ሦስተኛው ከበደኝ። እሷን ለአያንቱ ትቼ ስመጣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ልብሷ፣ ስለ እንጨቷ ሁሉ አስቤ ነበር። ስለ ድንኳን ግን አላሰብኩም።

የሚገርምህ፣ እኔ የምሠራበት ቤትም ምርጫ ገብቷል። እመቤቴ ሚስዝ ሆልት እዚህ ባለው በአንዱ ፓርቲ ውስጥ ናት። የአገሩ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በኅዳር ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ፓርቲው ራሱ ማንን እንደሚያቀርብ መወሰን አለበት። የሚፈልጉት ብዙ ናቸው። ከየክፍለ ሀገሩ ወኪሎች ተልከው በሐምሌ ወር አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። በመጀመሪያው ቆጠራ ወኪሉ የላከው ሕዝብ ለመረጠው ሰው የታሰረ ነው። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ግን በሁለተኛው ቆጠራ ይፈታል፤ ወደወደደው ይሄዳል። ዘንድሮ ማንም ግማሹን ላያገኝ ይችላል እየተባለ ነው። ሚስዝ ሆልት ሳህን እያደረቀች ስለዚሁ ታወራኛለች። ሰው ሁሉ የሚፈራውም የሚመኘውም ያንን ሁለተኛ ቆጠራ ነው።

ክራቫቱን ልኬልሃለሁ። ቀዩ ስላልተገኘ ቡናማ ነው፤ ለዳማም ይስማማል። አንድ ነገር ግን አደራ። እዚህ የምጽፍልህን «ፓርቲ» የሚል ቃል እዚያ ስብሰባ ላይ አታንሣው። እናንተ ዕድር ናችሁ፤ ዕድር ሁኑ።

እማዬ ከአፏ የወጣውን ቃል በሚቀጥለው ጻፍልኝ። ካንተ አፍ ሳይሆን ከእሷ።

እህትህ ድንቅቱ

*

ሰበታ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለእትዬ ድንቅቱ፤

የፋሲካው ደስታ ገና ከቤታችን ሳይወጣ ይድረስሽ። አምላክ ጾመሽ የምትፈቺበትን ዓመት ሁሉ ያብዛልሽ።

ክራቫቱ ደረሰ። አስሬው ጋሪዬ ላይ ስወጣ ዳማ ዞሮ አየኝና አልራመድም አለ፤ ሌላ ሰው የሰረቀው መስሎት ነው። ማሪቱም፣ አንገትህን ለምን አሰርከው፣ ማን ሊጎትትህ ነው ብላኛለች። የሰው ምቀኝነት ከቤት ይጀምራል።

ስለ ሁለተኛ ቆጠራ የጻፍሽልኝን ወርቅ አደረግሁት። ሦስቱ ከተሞች ለየራሳቸው ሰው አሥር አሥር ቢሰጡ ለዘላለም አሥር አሥር ሆነን እንቀራለን ብዬ ለአዘጋጆቹ ነገርኳቸው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቆጠራ ወኪል ለከተማው ይታሰር፣ ከሠላሳው አሥራ ስድስት ያገኘ ከሌለ በሁለተኛው ይፈታ አልኩ። ይህን ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ከራሴ አልኳቸው። ይቅር በይኝ። ተቀብለው በደንቡ ላይ አስገቡት። እንደተፈቱ ወዴት የሚሄዱ ይመስልሻል? ከእኔ ወዲያ ሰው አለ?

ተፎካካሪዎቼን ልንገርሽ። የቡራዩው አቶ ብዙነህ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ ብዕሩን በደረት ኪሱ የሚያሳይ። የሱሉልታው ኦቦ ባይሳ ነው፤ ገበሬ፣ ትልቅ ሰው፣ ጥርሱን ያየ የለም። ኦቦ ባይሳን ለማሳቅ ሁለት ሰዓት ደክሜ ዝናብ ይመጣል ብሎኝ ሄደ። አደራሽን ግን ጥዬዋለሁ፤ ንግግር ስጀምር «በፓርቲ አሠራር» የሚል አመለጠኝ። አቶ ብዙነህ ብዕሩን አስቀምጦ በሩን አየና፣ በአገራችን እንዲህ የሚባል ነገር የለም፣ አቶ ጃራ በበግ አሠራር ማለታቸው ነው ብሎ አዳነኝ። በግ አሠራር ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

አብዛኛው ወኪል ስም ማንበብ ስለማይችል በእህል ነው የምንመረጠው። እኔ ሽምብራ ነኝ፣ አቶ ብዙነህ አተር፣ ኦቦ ባይሳ ባቄላ። የፈለገውን ፍሬ እንስራው ውስጥ መጣል ነው።

እዚያ አገር የስብሰባው አለቃ በትንሽ የእንጨት መዶሻ ጠረጴዛ እየመታ ሰውን ዝም ያሰኛል ብሎ መምህራችን ነግሮናል። እሱን ላኪልኝ። ክራቫትና መዶሻ ከያዝኩ የቀረው ወንበሩ ብቻ ነው።

እናትሽ ደህና ናቸው።

ወንድምሽ ጃራ

*

ኮሎምበስ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጃራ፤

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለማሪቱ፣ ሰላም በጨዋነቱ ለሚያስንቅህ ለዳማ። አምላክ ምላስህን ይጠብቅልህ፤ አንተ እንደማትጠብቀው አይቻለሁ።

በዚህ ሳምንት የኦሃዮ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ሚስዝ ሆልት ወኪል ሆና ተመረጠች። በሐምሌ ማያሚ ወደሚባል ከተማ ትሄዳለች። ለአንድ ሰው ታስራለች፤ ልቧ ግን ያ ሰው እንደማይሆን ያውቃል። ትናንት ዱቄት ሳቦካ አጠገቤ ቆማ፣ ከተፈታሁ ማንን ልያዝ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሚሸነፍ ሰው ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋት። ብልህ ከሆነ አለች፣ ሰዎቹን ለሌላው ይሰጥና በምትኩ አንድ ነገር ይለምናል። ሁለት የለመነ ምንም አያገኝም።

ይህን የምጽፍልህ ትሸነፋለህ ብዬ አይደለም። ብትሸነፍ ግን ወንበር አትለምን። የእማዬን ነገር ለምን።

መዶሻውን አገኘሁት፤ በሰኔ ወደዚያ በሚሄድ አስተማሪ እልከዋለሁ። ለስብሰባው ላይደርስ ይችላል።

ውሌ በመስከረም ያልቃል። ሚስዝ ሆልት ሁለት ዓመት ጨምሪልኝ ብላለች። የምመልስላትን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ደብዳቤህ አራት ገጽ ነበር። እማዬ በውስጡ ሁለት ቃል ናት፤ «ደህና ናቸው» ይላል። ጃራ፣ አንተ ስለ ፈረስህ እንኳ በሁለት ቃል የምትጨርስ ሰው አይደለህም።

ድንቅቱ

*

ሰበታ፣ ግንቦት 30 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእትዬ ድንቅቱ፤

የአምላክ ሰላም ከቤትሽ አይጉደል። ይህን ስጽፍ ክራቫቱን ፈትቼ ምስማር ላይ ሰቅየዋለሁ። ከዚህ በኋላ የምነግርሽን ከዚያ ተረጂ።

ባለፈው እሑድ ቡራዩ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ተሰበሰብን። ሠላሳው ወኪል ጠጠር ላይ ተደርድሯል፣ እንስራው መካከል ቆሟል፣ ተመልካቹ አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ስገባ አጨበጨቡ፤ ወይም ሰው አቧራውን ከእጁ አራገፈ፤ እኔ የመጀመሪያውን ይዣለሁ።

የመጀመሪያው ቆጠራ፤ ሽምብራ አሥር፣ አተር አሥር፣ ባቄላ ዘጠኝ። ሱሉልታ፣ አንድ ድምፅ ተሰርቆብናል ብሎ ተነሣ። ብትር የያዘም ነበር። ፍተሻ ሆነ። ኋላ ሽማግሌው ኦቦ ኢቲቻ ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ። ለድምፅ የተሰጣቸውን ባቄላ ቆሎአቸው ያለበት ኪስ ውስጥ ጨምረውት ተራቸውን ሲጠብቁ በልተውታል። አቶ ብዙነህ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፈው ግራ ገብቶት ብዕሩን ነከሰ፤ በመጨረሻም «አንድ ድምፅ ተበላ» ብሎ ጻፈ። ሳቁ ብትሩን ሁሉ አስጣለ። በዚያ ሰዓት ቢመርጡኝ ኖሮ ሠላሳውም የእኔ ነበር።

ግን ሁለተኛው ቆጠራ መጣ፤ የእኔ ወርቅ። ወኪሎቹ ተፈቱ። አተር አሥራ አንድ፣ ባቄላ አሥራ ሦስት፣ ሽምብራ ስድስት። እትዬ፣ የተፈቱት የእኔ ናቸው። ከሰበታ አራት ሰው ሄደ፤ አንዱ የማሪቱ ወንድም ነው። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። አንተ ሊቀመንበር ከሆንክ በለቅሶ ላይ እያጫወተ የሚያስቀን ማን ነው አለኝ።

ለምሳ ተለያየን። መጀመሪያ አቶ ብዙነህ ወደ ጋሪዬ መጣ። ስድስቱን ከሰጠኸኝ ምክትል አደርግሃለሁ አለ። እኔ ምክትልነቱን አልፈልግም፤ በአንዱ ከተማ መሥራች የነበረ በሦስቱም መሥራች ይሁን የሚል አንቀጽ አግባልኝ አልኩት። አሰበበትና፣ ለአንድ ሰው ደንብ ካወጣን ነገ ሁሉም አክስቱን ይዞ ይመጣል አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጸሐፊ ነው።

ቀጥሎ ኦቦ ባይሳ መጣ። የዳማን ልጓም አስተካከለ። ያንኑ ነገርኩት። ልጓሙን እንደያዘ ጠየቀኝ።

«ስለ አዴ ተረፈች ነው?»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ በስልሳ ዓመት ደንብ የመለስኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ከዚያ ወዲህ በደጃቸው አላልፍም፤ በወንዙ ዞሬ ነው ከብቶቼን የምነዳው።»

አንቀጹን ሊያገባ ቃል ሰጠኝ። ግን እሱም አንድ ነገር ለመነ። ሊቀመንበርም ምክትልም አትሆንም፣ ጥሩምባህን ይዘህ ትቀራለህ አለኝ። ለምን ስለው፣ አንተ ስትነፋ ነው ሰው ማልቀስ የሚጀምረው፣ ወንበር ላይ ማንም ይቀመጣል አለ። እትዬ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ራሴን አመስግኛለሁ፤ ሌላ ሰው ሲያመሰግነኝ ግን የት እንደማይ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ቆጠራ፤ ባቄላ አሥራ ዘጠኝ፣ አተር አሥራ አንድ። እኔም ሽምብራዬን ኪሴ ውስጥ ትቼ ባቄላ ጣልኩ።

አንቀጽ ዘጠኝን ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ባይሳ ብዕሩን ለጃራ ስጡት አለ። አቶ ብዙነህ ተሸንፎም አጠገቤ ተቀምጦ፣ ማንም በኋላ እንዳይጠመዝዘው አድርጎ ቃሉን ነገረኝ። «ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ መሥራች የነበረ ሁሉ፣ በየትኛውም ቢኖር፣ ድንኳኑ ወዳለበት ይሄድለታል።» እጄ ላይ ያለው ቀለም ገና አልለቀቀም። አላጠብኩትም።

ተሸናፊው ወንድምሽ ጃራ

*

ኮሎምበስ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጃራ፤

አምላክ ያችን ቀለም ያለባትን እጅህን ይባርካት።

መልሴ የዘገየው ለመጻፍ ሳልቀመጥ ቀርቼ አይደለም። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የዚህ አገር ስብሰባ ባለፈው ሳምንት አለቀ። ያ ሁሉ የተፈራው ሁለተኛ ቆጠራ ሳይመጣ ቀረ። የማን ወኪል ይቀመጥ በሚለው ተጣሉ፣ ተጯጯኹ፣ ኋላ በመጀመሪያው ቆጠራ አንዱ አለፈ። ሚስዝ ሆልት ድምፅዋ ዘግቶ ተመለሰች። ታስራ ሄደች፣ ሳትፈታ መጣች። ወጥ ቤት ገብታ የቀዘቀዘ ድንች ስትበላ ደብዳቤህን በቋንቋዋ አነበብኩላት። የኦቦ ኢቲቻን ባቄላ ስትሰማ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። የኦቦ ባይሳን ስትሰማ ግን ድንቹን አስቀመጠች። እኛ ያወራነውን እናንተ አደረጋችሁት አለች።

ከዚያ የሁለት ዓመቱን ነገር እንደገና ጠየቀችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። አራቱን ደብዳቤ ያስቀደደኝም ይኸው ነው። እስከ አሁን ለራሴ፣ እማዬ ድንኳን የላትም፣ መመለስ አለብኝ እል ነበር። አሁን ድንኳን አላት። እንግዲህ ልቆይ እችላለሁ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ማሰቤ አስፈራኝ።

እዚህ ሥራዬን እወደዋለሁ ጃራ፤ አልዋሽህም። የራሴ ክፍል አለኝ፣ ቤቱ ውስጥ የሚያከብረኝ ሰው አለ። ስለዚህ አንተ ነይ ወይም ቆዪ እንድትለኝ አልፈልግም፤ አንተ ያዘንክልኝን ትጽፋለህ። እማዬን ጠይቅልኝ። ያለችውን ሳትጨምር፣ ሳታሳምር ጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን። ደህና ካልሆነችም እንደዚያው።

ከአንተ የምለምነው አንድ ነገር ይህ ብቻ ነው።

እህትህ ድንቅቱ

*

ሱሉልታ፣ መስከረም 2 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለእትዬ ድንቅቱ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ዓመቱ የልብሽን የሚሰማ ይሁንልሽ።

ይህን የምጽፈው ከእናትሽ ቤት፣ ከእናትሽ አጠገብ ነው። ቀድሜ ግን ዕዳዬን ልናዘዝ። በፋሲካ ታመው ነበር። ሦስት ሳምንት ከመኝታ አልተነሡም፣ ሳሉ አያስተኛቸውም ነበር። እኔ የሰውን ሁሉ ሞት ለሦስት ቀበሌ የምለፍፍ ሰው፣ የአንዲት እናት ሳል መጻፍ አቃተኝ። «ደህና ናቸው» ብዬ የጻፍኩት ስለ ፈራሁ ነው። ዛሬ በእውነት ደህና ናቸው። ምልክቱን እንኪ ብዬ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ወዲያው ልመጣ ስል ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኦቦ ባይሳ፣ አዲሱ ድንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ሱሉልታ ተተክሎ ሰው ይየው፣ አዴ ተረፈችም በዓይናቸው ይዩት አለ። ድንኳኑን ሰበታ ላይ ጋሪዬ ላይ ጭኜ ተነሣሁ። ዳማ የእንጦጦን ዳገት ቀና ብሎ አየና ቆመ። አንቀጽ ዘጠኝን አነበብኩለት፤ አልሰማም። የባሕር ዛፍ አጣና ከተማ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ከድሩ የሚባል ሾፌር ደርሶ ድንኳኑን መኪናው ላይ አነሣልን። ማን ሞተ አለኝ፤ ገና ማንም አልኩት። ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ አየኝ። ድንኳኑ እንጦጦን በዚያ መኪና ተሻገረ።

መዶሻሽ በሐምሌ ደርሶኝ ነበር። ለኦቦ ባይሳ ወስጄ፣ ይህ ሰውን ዝም ማሰኛ ነው ብዬ ሰጠሁት። እኔ ስናገር ሰው ዝም ይላል ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ እሑድ፣ ጳጉሜን 5፣ በእናትሽ ግቢ ካስማውን ሁሉ የመታሁት በእሱ ነው። እጀታው ትንሽ ተሰነጠቀ እንጂ እንደ እሱ ያለ የካስማ መዶሻ የለም።

ከዚያ ያጠፋሁትን አጠፋሁ። ድንኳኑ ቆመ፣ እናትሽ ነጭ ለብሰው መካከሉ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ባይሳ፣ ሰው ጥራ ብሎኝ ከብቶቹን ሊያስገባ ሄዷል። እሱ በየቤቱ እየዞርክ ንገር ማለቱ ነው። እኔ ግን ሰው የምጠራው በአንድ ነገር ነው። ጥሩምባዬን አነሣሁና ነፋሁ። አሳምሬም ነው የነፋሁት።

እትዬ፣ ሱሉልታ ፈረሰ። ከአዴ ተረፈች ግቢ ጥሩምባ፣ በአዴ ተረፈች ግቢ ድንኳን። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየመታ፣ በወንዙም በሜዳውም መጣ። በግብዣችን ከቡራዩ የመጣው አቶ ብዙነህ ያዘጋጀውን ንግግር ወርውሮ ሲሮጥ አይቻለሁ። ከሁሉ ፊት ኦቦ ባይሳ ነበር፤ ጋቢው መሬት ይጎተታል፣ ያ ጥርሱን የማያሳይ ሰው እንደ ልጅ እያለቀሰ፣ «ሳልክሳቸው፣ አንድ ቀን ሳልክሳቸው» ይላል። ድንኳኑ በር ላይ ደርሶ ቀና ሲል እናትሽ በርጩማቸው ላይ ናቸው።

«ባይሳ፣ ተቀመጥ» አሉት። «ደህና አድርገህ አለቀስክ። ከእንግዲህ በወንዙ አትዙር፤ በደጄ እለፍ።»

እሱም ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ኦቦ ባይሳ ሳቀ። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ አየሁት። ሳቁ እስከ አጥሩ ሄደ። ጥሩምባዬን ግን ለአንድ ወር ወስዶብኛል፤ ዳኝነቱን አልከራከርም። የሚያለቅሰውም የሚስቀውም ተቀላቅሎ እስከ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ቆየ፤ እናትሽም ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን በባዶ እንደ ጮኸ እያንዳንዱን በስሙ ነገሩት።

ሰው ከሄደ በኋላ ያንቺን ደብዳቤ በሙሉ አነበብኩላቸው። ሥራዬን እወደዋለሁ ያልሽውንም፣ አስፈራኝ ያልሽውንም። አልዘለልኩም። ሁለት ቀን አሰቡበት። ዛሬ ጠዋት ወረቀትህን አምጣ አሉ። ከዚህ በታች ያለው ቃል የእሳቸው ነው። እኔ እጅ ብቻ ነኝ።

«ድንቅቱ፣ ልጄ። ጃራ ይጽፋል፣ እኔ እናገራለሁ። እንዳይጨምር አጠገቡ ተቀምጫለሁ።

እሑድ ዕለት ሲለቀስልኝ ሰማሁ። ደህና ነው። አያንቱ አበዛችው፣ የጎረቤቶቼም በቂ ነው፣ የቡራዩው ጸሐፊ እንኳ ለማያውቀኝ ሰው እንባ አውጥቷል። ድንኳኑ ሰፊ ነው፤ ዝናብ አያስገባም፤ ካስማውን በእጄ ነቅንቄ አየሁት። አባትሽን ከቀበርንበት ድንኳን ይሻላል።

እንግዲህ የቀብሬ ነገር አልቋል። ሦስት ከተማ ይዞታል። ስለዚህ ለሞቴ ብለሽ አትምጪ። ለዚያ በቂ ሰው አለ፣ አንቺ ባትኖሪም አልዋረድም። ሥራሽን ትወጃለሽ፤ ሴት ሥራዋን ብትወድ ደስ ይለኛል፤ እኔም የለቅሶ ወጥ ስሠራ ወድጄው ነበር።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ በርጩማው ላይ ሆኜ በቀኜ ዞር አልኩ። የባይሳ ጋቢ ጭቃ ውስጥ ሲጎተት አብራኝ የምታየዋን፣ አፏን በነጠላ ሸፍና የምትስቀዋን ፈለግሁ። ባዶ ነበር። አልቃሽ አልጎደለኝም። የጎደለኝ ያ ነው።

ለሞቴ አትምጪ። ሁለት ዓመትም ይሁን ሁለት ወር አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ እየበላሁ እጠብቃለሁ። ስትመጪ ግን ለሕይወቴ ነይ።»

እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ የመጨረሻውን ምን ብለህ ጻፍከው አሉኝ። «ነይ» ብዬ ነው አልኳቸው። እኔ እንዲያ ብዬ ጠርቻት አላውቅም አሉ። ልጅ ሆነሽ ከወንዙ ዳር ሲጠሩሽ የነበረውን፣ በቤታችን ቋንቋ በኦሮምኛ፣ እንደዚያው አድርገህ አስቀምጥ አሉኝ። ማታ ትምህርት ቤት ይህን አላስተማሩኝም። በጆሮዬ እየሰማሁ ነው የጻፍኩት፤ እሳቸውም ደጁን እያዩ ሦስት ጊዜ ጠሩ።

ኮቱ። ኮቱ ድንቅቱ። ኮቱ።